ጉዳዩ በሽማግሌ እጅ እያለ ያለፈኝ የክስ ጊዜ

ከቤት የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ሐዲያ ውስጥ ሆመቾ ያለው የአባቴ ቤት ከዳር እስከ ዳር ሰው ሞልቶት ነበር፤ የጸሎት ቡድኑ በአንድ በኩል፣ ጎረቤቱ በሌላ በኩል፣ የእናቴ ወገኖች ደግሞ ከአንጋጫ ድረስ መጥተው በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። ሁሉም ተራ በተራ ይጸልያል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ እኔ ግን ጆሮዬ ውጭ የቆመችው መኪና ላይ ነበር፤ ሹፌሩ በየደቂቃው ክላክስ ያደርጋል። ያላለቀስነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴ በአካባቢያችን የታወቀ ሽማግሌ ነው፤ መሬት ሰው ሲያጣላ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማች በውርስ ሲናቆር የሚጠራው እሱ ነው። የሰው ነገር ሲሰማ የኖረ ሰው ፊቱ ቶሎ አይለወጥም። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ይቺ ልጅ የሄደችው እንደ ስደተኛ ሳይሆን ገበያ እንደረፈደባት ነጋዴ ነው» እያለች ታማኛለች።

መንገዱን በዝርዝር አላወራም። ሞያሌን፣ ናይሮቢን፣ ታንዛኒያን፣ ከበቆሎ ከረጢት ጋር በጭነት መኪና መታጨቅን፣ ስሙን በማላውቀው ወንዝ ዳር ውሎ ማደርን ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበት ደግሞ ባይሰማው ይሻለዋል። ደረስኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳውዝ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ። ይህን የምጽፈውም ስለ መንገዱ ልነግራችሁ ሳይሆን ከደረስኩ በኋላ ሥራ ቦታ ላይ ስለደረሰብኝ መድልዎና አቤት ለማለት ስነሳ ቀኑ አልፎብኝ ስለተገኘሁበት ጉድ ነው። እዚህ ያላችሁ ወገኖቼ አንብቡት። አገር ቤት ያላችሁም አንብቡት፣ ምክንያቱም ያዘገየኝ የራሳችን ባህል ነው።

መጀመሪያ ቤት መፈለግ ነበረብኝ። እዚህ አገር ሰው ግቢው ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ክፍል ሠርቶ ያከራያል፤ «ባክሩም» ይሉታል። ማማ ግሬስ የምትባል ሴትዮ በር አንኳኳሁ።

«ስንት ናችሁ?» አለችኝ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ እያየችኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ኢትዮጵያዊ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ዛሬ አንድ፣ እሑድ አሥር።»

«እሑድማ ጸሎት ስላለን ነው።»

«ይኸው! እኔስ ምን አልኩ!» አለችና ቁልፉን ሰጠችኝ። እስካሁን እዚያው ነኝ፤ እሑድ እሑድ ስንዘምር መጥታ በሩ ላይ ትቀመጣለች።

ምግባቸው «ፓፕ» ይባላል፣ የበቆሎ ገንፎ ነው። ነጭ ነው፣ ቅቤ አይነካውም፣ ሚጥሚጣ አያውቅም፤ እንደዚያው እንደ ነጣ ይበላል። በቅቤ የራሰ የቡላ ገንፎ በልታ ላደገች ሴት ይህን ገንፎ ብሎ መጥራት ራሱ ይከብዳል። ብርዱም ሌላ ነው። የሆሳዕና ብርድ ዝናብና ጭጋግ ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ ለምን እንደሚበርድህ ታውቃለህ። የዚህ ግን ሰኔ ላይ ፀሐይዋ ወለል ብላ እየወጣች አጥንት ውስጥ ይገባል። ሰው በብርሃን መሐል ይንቀጠቀጣል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላመንኩም ነበር።

ሥራ ያገኘሁት ላውንድሪ ውስጥ ነው። ላውንድሪ ስላችሁ ሆሳዕና ያለውን ልብስ ማጠቢያ ቤት እንዳታስቡ። ማሽኖቹ የሰው ቤት ያህላሉ። የሆቴሉም የሆስፒታሉም አንሶላ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ ይለያል፣ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ይታጠፋል፣ ይሄዳል። እኔ መተኮሻው ላይ ነበርኩ። እጄ ፈጣን ነው፣ ይህን ስናገር አላፍርም። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ ወደ እኔ ይላካል፣ እኔ አሠልጥኜ እለቃለሁ። የቀን ፈረቃው ኃላፊ፣ «ቲም ሊደር» የሚሏት ሴትዮ፣ ጡረታ ስትወጣም ሥራዋን ደርቤ የያዝኩት እኔው ነኝ። ሥራው ሳይጓደል ወራት አለፈ። ሹመቱ የኔ እንደሚሆን የማሽኑ ዘይት ቀያሪ ሳይቀር ያውቅ ነበር።

ሱፐርቫይዘራችን ሚስተር ሞሌፌ ይባላል። ክፉ ሰው ነው ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አይደለም። ሰላምታ የማይጎድለው፣ በእርጋታ የሚናገር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ሁላችንንም ሰበሰበንና ቲም ሊደሯ ታንዲ ናት አለ። ታንዲን አንሶላ ማጠፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ ራሷ ደንግጣ አቀረቀረች።

እጄን አወጣሁ። «ለምን እኔ እንዳልሆንኩ ልጠይቅ እችላለሁ?» አልኩት።

«አስቴር፣ አንቺ ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ» አለኝ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። «ግን የሌላ አገር ሰው ነሽ። የዚህ አገር ሰው ከውጭ ሰው ትእዛዝ አይቀበልም። ሥራ በማግኘትሽ ብታመሰግኚ ይሻላል።»

በሰው ሁሉ ፊት ነው ያለው። ፊቴ ጋለ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛወርኩ፤ የሆስፒታሉ የቆሸሸ አንሶላ ወደሚለይበት ክፍል። ደም ያለበት፣ ሌላም ሌላም ያለበት፤ ምግብ ላይ ያላችሁ ይቅር በሉኝ። እዚያ ክፍል የሚገባው ማን እንደሆነ ልብ ብዬ አየሁ። እኔ ነኝ፣ አንዲት የማላዊ ሴት አለች፣ አንድ የኮንጎ ሰው አለ። የአገሩ ልጅ አንድም የለም።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ቦታዬን። በቀን ሠርቼ ማታ ቤቴ መግባትና ስሠራው የኖርኩት ሥራ በስሜ እንዲጠራ። ለዚህ ብቻ ነው ሁሉም ነገር የሆነው።

የማላዊዋ ሴት «ለዚህ ቢሮ አለው፣ የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር የሚያይ። ነገ ሂጂና አመልክቺ፣ ጊዜ ገደብ አለው» ብላኝ ነበር፤ ሰምቻታለሁ። ግን እኔ በዚያው እሑድ ነገሩን ለጋሽ ላምቤቦ ነግሬው ነበር። ጋሽ ላምቤቦ እዚህ ያለን የሐዲያና የከምባታ ልጆች የዕድር ሰብሳቢ ነው፤ ሱቅ አለው፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሲናገር ሰው ይሰማዋል።

«አስቴር» አለኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ነገሩ የኛ ነው። አንቺ አፍሽን ያዢ።»

የኛን አገር ለማያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ነገርህን ለሽማግሌ ሰጠህ ማለት ከእጅህ ወጣ ማለት ነው። እነሱ ይዘውት እያለ ፖሊስ ጋ ሄድክ፣ ፍርድ ቤት ሄድክ ማለት ሽማግሌዎቹ ላይ ተፋህባቸው ማለት ነው። ደግሞም ማንም ቀን አይቆጥርብህም። በሽማግሌ እጅ ያለ ነገር አይረፍድም፣ አይበላሽም፤ ዓመት ቢቆይም ከቆመበት ይነሳል። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። ለማላዊዋ ሴትም «ጉዳዩ በሽማግሌ እጅ ነው» አልኳት ኮራ ብዬ። ምን እንደሆነ ሳይገባት ትከሻዋን ሰበቀች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ቅዳሜ ጠዋት ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው ላውንድሪው በር ላይ ደረሱ። ጥበቃው አስቆማቸው።

«ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናችሁ?»

«ከቤተ ክርስቲያን አይደለም» አለ ጋሽ ላምቤቦ። «ሰው ልናስታርቅ ነው።»

«ማን ተደባደበ?»

«የተደባደበ የለም።»

«ካልተደባደቡ ምኑን ነው የምታስታርቁት?»

ጋሽ ላምቤቦ ይህን ሲነግረን እስከ ዛሬ ይስቃል፣ ያን ቀን ግን ደሙ ፈልቶ ነበር። ብቻ ሚስተር ሞሌፌ በአክብሮት ተቀበላቸው፣ ሻይ አስቀዳላቸው፣ የሚሉትን ሁሉ ሰማ። በመጨረሻ «አስብበታለሁ» አላቸው። እኛ አገር ሽማግሌ ፊት «አስብበታለሁ» ያለ ሰው አስቦ መልስ ይዞ ይመጣል። እዚህ «አስብበታለሁ» ማለት ደህና ዋሉ ማለት እንደሆነ ማን ነግሮን። ተመልሰው ሄዱ፤ ሳምንት ቆዩ አለ። ደግመው ሄዱ፤ ወር መጨረሻው ይለፍ አለ። እኔ በሌሊት አንሶላ እለያለሁ።

በዚህ መሐል የሚስተር ሞሌፌ እናት ሞተች።

ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ነው፤ ቂም ትዝም አላለኝ። እናት ናት። ጋሽ ላምቤቦ ወዲያው ደወለልኝ፤ «እንሄዳለን አይደል?» እንኳ አላለኝም፤ «ዓርብ ጠዋት ተዘጋጂ» ነው ያለኝ። ሊምፖፖ የሚባል ሩቅ ክፍለ ሀገር ነው። ሚኒባስ ተከራየን፣ ስኳርና ዘይት፣ ዱቄትና ለስላሳ ጫንን፣ ሄድን። ማማ ግሬስ «ያ ያባረረሽ ሰውዬ ዘንድ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

«አላባረረኝም፣ ቦታዬን ነው የወሰደው።»

«እሱ ይሻላል?»

«አይሻልም። ግን ለቅሶ ነው።»

መንደሩ ስንደርስ ቁርጥ የኛን አገር መሰለኝ። ቀይ አፈር፣ በቆሎ፣ የታሰሩ ላሞች፣ በር ላይ የተቀመጡ አሮጊቶች። ዳስ ጥለዋል፣ ትልልቅ ድስት ጥደዋል። ሴቶቹ ጎመን ሲከትፉ አየሁና ቢላዋ ተቀብዬ ተቀመጥኩ፣ ማንም ማን ነሽ አላለኝም። ሚስተር ሞሌፌ በዚያ ሲያልፍ አየኝ። ቆመ። ሸሚዙ ያን ቀን አልተተኮሰም። «መጣሽ» ብቻ አለኝ። ተነስቼ አቀፍኩት፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት፣ እሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጋሽ ላምቤቦ ትከሻውን ይዞ ወደ ዳሱ አስገባው። ስለ ሥራ ያን ቀን ማንም ምንም አላለም። እንዴትስ ይባላል?

እሱ ወደ ሥራ ሲመለስ ጃኬቱ ትከሻ ላይ ትንሽ ጥቁር ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ መጣ። የአገሩ ልማድ ነው፤ የሐዘን ምልክት ነው፣ ለወራት አይወርድም። ሽማግሌዎቹ ያን ጨርቅ ሲያዩ አለቀላቸው። «ሐዘን ላይ ካለ ሰው ጋር ነገር አይነሳም» አለ ጋሽ ላምቤቦ። «ያውርድና እንቀጥላለን።» እኔም ልክ ነው አልኩ። የምሬን ነው፣ ማንም አላስገደደኝም። ጥቁር ለብሶ የሚሄድ ሰው ከስሼ ሆመቾ ቢሰማ አባቴ ፊቱን የት ያደርገዋል? ስለዚህ በየሌሊቱ አንሶላዬን እየለየሁ፣ ሲነጋ በር ላይ ስንተላለፍ ትከሻውን አይ ነበር። አለ። ዛሬም አለ።

አንድ ቀን የለም።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ሱፋቸውን ለብሰው ሄዱ። ሚስተር ሞሌፌ በደስታ ተቀበላቸው። ነገሩን ሲያነሱበት ግን ግራ ተጋባ። «የትኛው ጉዳይ? እሱማ አልቋል እኮ» አላቸው። «የእናቴ ቀብር ላይ መጥታለች፣ አቅፋኛለች። ተቀይማኝ ቢሆን ትመጣ ነበር?»

ጋሽ ላምቤቦ ይህን ሊነግረኝ ሲመጣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር የገባው። አልጮህኩም። ውኃ ጠጣሁ፣ ጫማዬን አደረግሁ፣ የማላዊዋ ሴት ወዳለችኝ ቢሮ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጥፍሯን ተቀብታ ትጽፋለች። ነገርኳት። ድርጊቱ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ማማ፣ ለመድልዎ አቤቱታ የሚሰጠው ስድስት ወር ነው። አልፎሻል።»

«አላለፈኝም፤ ጉዳዩ በሽማግሌዎች እጅ ነበር።»

«ጠበቆች ናቸው?»

«አይ፣ ሽማግሌዎች ናቸው።»

«የሠራተኛ ማኅበር ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

ምን ልበላት? «አንዱ ሱቅ አለው፣ አንዱ ፓስተር ነው፣ አንዱ የዶዮገና ሰው ነው፣ መኪና ያጥባል» አልኳት። እጇ ቆመ። ልትስቅ ፈልጋ ተወችው፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

«ስሚኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እነሱ ሲነጋገሩም ሰዓቱ ይሄዳል። ማንም አያቆመውም። ግን ጥቂት ሳምንት ነው ያለፈሽ። ዘግይተሽ እንዲቀበሉሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ምን ያህል እንደዘገየሽ፣ ለምን እንደዘገየሽ፣ ጉዳይሽ የሚያስኬድ መሆኑን፣ መዘግየትሽ ሌላውን ወገን የሚጎዳው መሆን አለመሆኑን ያያሉ። ምክንያትሽን በደንብ ተናገሪ። እውነቱን።»

ከዚያ ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ንዴቱ አይደለም ያስቀመጠኝ። ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ትዕግሥት፣ ጨዋነት ብዬ የያዝኩት ነገር ሁሉ ለካ ከተሰጠኝ ስድስት ወር ላይ ሲቆረጥ ነበር። ብዙ አልተቀመጥኩም ግን። ተነሳሁና ማመልከቻዬን አስገባሁ።

ዘግይቶም ቢሆን አቤቱታዬ ይሰማ ወይስ አይሰማ የሚወሰንበት ቀን ደረሰ። ጉዳዩን እንደ ዳኛ ሆና የምታየው «ኮሚሽነር» ትባላለች፤ መነጽር ያደረገች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጸጥ ያለች ሴት ናት። በአንድ በኩል እኔና ጋሽ ላምቤቦ፣ በሌላው በኩል ሚስተር ሞሌፌና የኩባንያው የሰው ኃይል ኃላፊ ተቀመጥን። አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ ተባልኩ። «ቤቴ ሐዲይኛ ነው፣ ትምህርቴ አማርኛ ነው፣ ላውንድሪው እንግሊዝኛ ነው፤ ለምጄዋለሁ፣ ራሴ ልናገር» አልኩ።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ አጭር ተናገረች። ሴትየዋ ቅሬታ ቢኖራት በጊዜው ታቀርብ ነበር፤ እንዲያውም የሱፐርቫይዘሯ እናት ቀብር ድረስ ሄዳ አጽናንታዋለች፤ ነገሩ ያኔ ተዘግቷል፤ አሁን ምን አገኘሁ ብላ ነው የከፈተችው? ሲሰሙት እኮ ያሳምናል። እኔ ራሴ ሌላ ሰው ብሆን አምን ነበር።

ኮሚሽነሯ ወደ እኔ ዞረች። «ለምን ሄድሽ?»

«እናቱ ስለሞተች» አልኳት።

«ቅር ብሎሽ እያለ?»

«በኛ አገር የተጣላ ሰው ከለቅሶ አይቀርም። እንዲያውም የተጣላ ሰው ነው ቀድሞ የሚታየው፤ ከቀረ ይታወቅበታል። ለቅሶ የደረስኩት ለእናቱ ነው። ቦታዬን የምጠይቀው እሱን ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ሐዘኑ እስኪወጣለት የጠበቅሁትም ስላከበርኩት ነው እንጂ ስለተውኩት አይደለም። ጨርቁ በወረደ ሳምንት ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፣ ጠይቁት።»

ከዚያ ጋሽ ላምቤቦ መናገር እፈልጋለሁ አለ። ተነሳ፤ ኮሚሽነሯ ቁጭ ብለህ መናገር ትችላለህ ብትለውም ቆሞ ነው የተናገረው፣ በአማርኛ፤ እኔ ተረጎምኩ። «ያዘገየኋት እኔ ነኝ» አለ። «እሷ በጠዋቱ ልትመጣ ነበር፤ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ያገሬን ሥርዓት ይዤ መጥቼ የዚህን አገር ሳልጠይቅ ቀረሁ። ቅጣት ካለው በእኔ ይሁን፣ በልጅቷ አይሁን።» ያን የመሰለ ሽማግሌ፣ ዕድር ላይ ሲናገር ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚሰማው ሰው፣ በማያውቃት ሴት ፊት እንዲህ ሲል መተርጎም አቃተኝ። እንደምንም ጨረስኩት።

ኮሚሽነሯ ወደ ሚስተር ሞሌፌ ዞረች።

«በእናትህ ቀብር ቀን ጉዳዩ አልቋል ብላሃለች?»

«አላለችም።»

«አንተስ ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ምን ነበር ያለችህ?»

የሰው ኃይል ኃላፊዋ አየችው፤ እሱ ጠረጴዛውን እያየ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናህ ነው ያለችኝ። ጎመንም ከትፋለች» አለ። ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

ኮሚሽነሯ ስንወጣ ለጋሽ ላምቤቦ አንድ ነገር ነገረችው። ሕጉም ቢሆን ሰው አቤቱታ ከማስገባቱ በፊት ለመስማማት መሞከሩን ይጠይቃል፤ ሽማግሌ መላካችሁ ለጉዳዩ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ግን ሰዓቱን አያቆምም አለችው። እሱም «ገብቶኛል ልጄ» አላት በአማርኛ። አልተረጎምኩም፤ የገባት መሰለኝ።

መዘግየቴ ታለፈልኝ። ማመልከቻዬ ተቀባይነት አገኘ ሲሉኝ ማማ ግሬስን አንቄ ሳምኳት። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ክርክሩን ሊገፋበት አልፈለገም፤ «የውጭ ሰው» የተባለው በሰው ሁሉ ፊት ነው፣ ታንዲ ራሷ ሰምቻለሁ ብላ ልትመሰክር ተዘጋጅታ ነበር። ተስማማን፣ ተፈረመ። አሁን የቀን ፈረቃ ቲም ሊደር ነኝ፤ ታንዲ የሌላኛውን ፈረቃ ያዘች። የቆሸሸው ክፍል ሁሉም በየተራው የሚገባበት ሆኗል፣ እኔም ተራዬ ሲደርስ እገባለሁ። ሚስተር ሞሌፌ አሁንም ሱፐርቫይዘራችን ነው። ጠዋት ጠዋት «ሞርኒንግ፣ አስቴር» ይለኛል፣ እኔም «ሞርኒንግ፣ ሚስተር ሞሌፌ» እለዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ስለ አንሶላ ብቻ ነው የምናወራው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሽማግሌ መላክ ተዉ አልላችሁም፣ ላኩ። ግን ሽማግሌዎቹ ሱፋቸውን በሚለብሱበት ጠዋት እናንተ ማመልከቻችሁን ይዛችሁ ቢሮው በር ላይ ተገኙ። በዘራችሁ፣ በአገራችሁ፣ በእርግዝናችሁ ምክንያት ለበደሏችሁ የተሰጣችሁ ስድስት ወር ነው። ከሥራ ካባረሯችሁ ደግሞ ከዚያም ያጠረ ነው፤ ሠላሳ ቀን ብቻ። ማመልከት ገንዘብ አይጠየቅበትም፣ ጠበቃ የግድ አይደለም፣ በፔርሚት፣ በጊዜያዊ ፈቃድ፣ የምኖር ስደተኛ ነኝ ብላችሁም አትሸማቀቁ። ካለፈባችሁም ቤት ቁጭ ብላችሁ አትብሰልሰሉ፤ ሂዱና ለምን እንደዘገያችሁ ተናገሩ። ጋሽ ላምቤቦም አሁን ዕድር ላይ ሰው ነገር ይዞ ሲመጣ አስቀድሞ «አመልክተሃል?» ይላል። አላመለከትኩም ካለው አይሰማውም።

ያለፈው እሑድ ቤት ደወልኩ። እናቴ ጮቤ ረግጣ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ከዚያ ስልኩን አባቴ ተቀበለ።

«ሰማሁ» አለኝ። «ቦታሽን መለሱልሽ አሉ።»

«መለሱልኝ አባዬ።»

«ተመስገን። ሰውየውስ?»

«አለ። አሁንም አለቃዬ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ታረቃችሁ ወይ?»

«ተስማምተናል እኮ አባዬ፣ ተፈርሟል።»

«መፈረሙንማ እናትሽ ነገረችኝ። አብራችሁ በላችሁ?»

ከኋላው የዶሮዎቹ ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰው ሲያልፍ ሰላም ሲለው ይሰማኛል።

«ለመክሰስ ስድስት ወር ነው የሚሰጡት አልሽ?» አለኝ ቆይቶ።

«አዎ።»

«ለመታረቅስ?»

«ለመታረቅማ ገደብ የለውም አባዬ። እዚህ ማንም አይጠይቅም።»

«እዚህ ግን አለው» አለኝ። «ያሆዴ እየመጣ ነው።»

ያሆዴ የኛ የሐዲያ ዘመን መለወጫ ነው። መስከረም ላይ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ በሬ ይጥላል፣ ሥጋው ለየቤቱ ይከፈላል፤ የተጣላ ሰው ግን ሳይታረቅ ለማዕዱ አይቀርብም። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት አባቴ እግሩ አያርፍም፤ ከቤት ቤት እየዞረ የተኳረፈውን ሁሉ ያስታርቃል። እኔ ከሄድኩ ጀምሮ በየዓመቱ ከበሬው ድርሻዬን ያወጣልኛል፣ እኔ ባልኖርም ይወጣል፣ ለአንድ ለተቸገረ ቤት ይሰጣል፤ «የአስቴር ነው» ተብሎ።

«ዘንድሮም ያንቺን ላወጣ ነው» አለኝ። «አንድ ሥራ ቦታ ውላችሁ አብራችሁ እንጀራ ካልቆረሳችሁ ግን በየትኛው አፌ የአስቴር ነው ልበል? የሰውን ልጅ ሳስታርቅ እየዋልኩ?»

ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ልከራከረው ነበር፤ የበደለኝ እሱ ነው፣ እሱ ይምጣ ልለው ነበር። አባቴ ግን ይህን ክርክር ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፣ መልሱንም አውቀዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሚስተር ሞሌፌ ብቻውን ሻይ የሚጠጣበት ጠረጴዛ ዓይኔ ላይ መጣ። ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው።

«አባዬ» አልኩት፣ «ስንት ቀን ቀረው?»